የቴምብር ስምንተኛ ሞት

ሬሳው በኮምፒውተር ጨዋታ ቤቱ የኋላ ክፍል አራተኛው ወንበር ላይ፣ ማዳመጫው ከጆሮው ሳይወርድ ተቀምጧል። ከፊት ባለው አዳራሽ ደግሞ ዐሥር ያህል ጎልማሶች ጨዋታቸውን አላቋረጡም። ቃሬዛው ሲገባ አንዱ እግሩን ሰብሰብ አደረገ እንጂ ዓይኑን ከስክሪኑ አልነቀለም። መርማሪዋ ይህን አይታ ፊቷን አጨማደደች። በሃያ ስድስት ዓመት የሥራ ዘመኗ ብዙ ሬሳ ስላየች ሬሳ አይቀፋትም። የሚቀፋት በሬሳ ዙሪያ የሚገኘው ሰው ነው።

ባልደረቦቿ በሌለችበት «ወንፊት» ይሏታል፤ ሌላው ያሳለፈውን እሷ ታስቀራለች ለማለት ነው። እሷም ስሙን ታውቀዋለች፣ አልጠላችውም።

የኋላው ክፍል አራት ኮምፒውተሮች አሉት። እያንዳንዱ በሳንቃ ተከልሏል፤ ተጫዋቾቹ ጎን ለጎን ተቀምጠው አይተያዩም፣ የሚነጋገሩትም በማዳመጫ ነው። በሟቹ ቀኝ እጅ በኩል በግማሽ የጎደለ የማንጎ ጁስ አለ። ከብርጭቆው ሥር ያልሟሟ ነጭ ዱቄት ተቀምጧል።

«እንቅልፍ እያስመሰለ ልብ የሚያቆም መድኃኒት ነው» አለ ሐኪሙ። «ከተጠጣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይጨርሳል። የሞተበትን ሰዓት ግን በትክክል ልነግርሽ አልችልም፤ ከስምንት እስከ ዘጠኝ ተኩል ባለው ውስጥ ነው።»

ሳጅኑ ደብተሩን እያጠፈ መጣ። «ኢንስፔክተር፣ ይኸ ጉዳይ አልቆለታል። ጁሱን ዘጠኝ ሰዓት ከዐሥር ላይ ያመጣችው አስተናጋጇ ናት። እጇ ላይ ካቴና ገብቷል። ነገ አራት ሰዓት ላይ በነፍስ ግድያ ዳኛ ፊት ትቀርባለች።»

«ስሟ ማነው?»

ሳጅኑ ደብተሩን መልሶ ገለጠና ጆሮውን አከከ። «እዚህ የሚጠሯት ‹አዲሷ› እያሉ ነው። ሥራ ከጀመረች ዘጠኝ ቀኗ ነው።»

«አንተም ሳትጠይቃት አሰርሃት?»

ሳጅኑ ደብተሩን ኪሱ ከተተ። መርማሪዋ ጎንበስ ብላ ከጠረጴዛው ሥር ያለውን የቆሻሻ ቅርጫት አየች። ጣቷን ወደ ቅርጫቱ ወለል ሰደደች፤ አጣበቃት። አሸተተችው፤ ማንጎ ነው። የተጠማ ሰው ያዘዘውን ጁስ ግማሹን ቅርጫት ውስጥ አይደፋም። ቅርጫቱ ይታሸግ ብላ አዘዘችና ለጊዜው አፏን ዘጋች። የሟቹን ስክሪንም አየች። ባዶ ገጽ ላይ ሁለት ሣጥኖች አሉ፤ አንዱ ስም ይጠይቃል፣ ሌላው ፓስዎርድ።

መጀመሪያ የጠራችው የቤቱን ባለቤት ነው። እጁን እያሻሸ መጣ።

«ሟቹን ሁላችሁም ‹ሻለቃ› ትሉታላችሁ። ወታደር ነበር?»

«ኧረ የጣውላ መጋዘን ተቆጣጣሪ ነው። ሻለቃነቱ የጨዋታው ነው። ‹ድንበር› ይባላል ጨዋታው፤ ከየትም አገር ሰው ይገባል፣ መሬት ያለማል፣ ይነግዳል፣ እርስ በርሱም ይዋጋል። የኛ ጓድ አራት ሰው ነው፦ ሻለቃ፣ ምክትሉ የሚስቱ ወንድም፣ ፋርማሲስቱና እኔ። ስምንት ዓመታችን ነው፣ ፋርማሲስቱ ብቻ ዓምና ነው የገባው፤ የሚችለን የለም።»

«ከማን ጋር ነው የምትዋጉት?»

ባለቤቱ ትንሽ አመነታ። «ብዙውን ጊዜ አዲስ ገቢዎችን እንጠብቃለን።»

«ትጠብቋቸዋላችሁ?»

«እንደሱ ሳይሆን... በሩ ላይ እናደባለን። አዲስ ገቢን በመጀመሪያው ሳምንት መምታት ክልክል ነው፤ ጨዋታው ይከላከልለታል። ግን አዲስ ሰው ርቦት ነው የሚገባው። እግሩ ሥር ዳቦ እንጥልለታለን። ሲያነሳ ጨዋታው የሰው ንብረት እንደሰረቀ ይቆጥረውና መከላከያው ይነሳል። ያኔ ሻለቃ አንድ ጊዜ ነው የሚያሳርፍበት።» ትዝ ሲለው ሳቁ አፈተለከው። «ወደ በሩ ተመልሶ ይመጣል፣ እንደገና እንጥልለታለን።»

«ከዚህ ምን ታገኛላችሁ?»

«ምንም። ያስቃል።»

መርማሪዋ ውሃ ባገኝና እጄን ብታጠብ አለች በልቧ። ባለቤቱ አዳራሹ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን፣ ሻለቃ ሲዋጋ በቀጥታ የሚያሳየውን ትልቅ ስክሪን በኩራት አሳያት። «የዛሬ አዝመራ» ይላል ከላይ። ከሥሩ ሻለቃ ያን ቀን የገደላቸው አዲስ ገቢዎች ስም ከነሰዓቱ ተደርድሯል። አንድ ስም ስምንት ጊዜ ተጽፏል፦ ቴምብር። የመጨረሻው ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ይላል።

«ይህች ስምንት ጊዜ የሞተችው ማን ናት?»

«ማን ያውቃታል፤ አዲስ ናት» አለ ባለቤቱ። «ግን ጠቃሚ ነገር ናት። በዘጠኝ ከሩብ ሻለቃ እሷን ሲገድል አዳራሹ በሙሉ አይቷል። ስለዚህ ጁሱ ሲመጣ በሕይወት ነበረ ማለት ነው። እኔ ከስምንት ተኩል ጀምሮ የተበላሸ መስመር ስጠግን እዚሁ ሰው ፊት ነበርኩ።»

«ለዚህች ለሞተችው መልእክት ጻፍልኝ። ፖሊስ ይፈልግሻል፣ በዚህ ስልክ ደውዪ በላት።»

ፋርማሲስቱ ሲገባ ከንፈሩ ደርቆ ነበር። መድኃኒቱ ከእሱ ቦርሳ የወጣ ነው፤ ራሱ ቆጥሮ አንድ ፓኬት እንደጎደለ ተናግሯል።

«ቦርሳውን የት ነበር ያስቀመጥከው?»

«እንደ ሁልጊዜው በሩ ላይ ሰቅዬው። ስምንት ሰዓት ላይ ምክትሉ ከቤት ባመጣው ፔርሙስ ሻይ ቀዳልን፤ ሻለቃ፣ እሱና እኔ ሦስታችንም ጠጣን። ስምንት ተኩል ላይ ወደ ሱቄ ሄድኩ፤ እስከ ዐሥር ሰዓት ደንበኛ ሳስተናግድ ነበርኩ።»

«ሻለቃ ጠላት ነበረው?»

«ስንት ሺህ ሰው ገድሎ ጠላት ያጣል?» ብሎ ሊስቅ ሞከረና ፊቷን ሲያይ ተወው። «ሊያርፍ ፈልጎ ነበር። ወንበሩን ለእኔ እንደሚሰጠኝ ባለፈው ሳምንት ነግሮኛል። ለምክትሉ ይንገረው አይንገረው አላውቅም።»

«ወንበር ስትል?»

«የጓዱን አለቅነት። ከባድ ነገር ነው፣ ኢንስፔክተር። በጓዳችን ደንብ አለቃውና ምክትሉ ፓስዎርድ ይለዋወጣሉ፤ አንዱ ሲያርፍ ሌላው ካራክተሩን፣ ማለቴ የጨዋታውን ሰው፣ እንዲጠብቅለት። ሌላ ሰው አይሰጠውም።»

ምክትሉ የገባው ዓይኑን በመሐረብ እየጠረገ ነው። መሐረቡ ደረቅ ነበር።

«እንደ ወንድሜ ነበር። ያቺ አዲስ እህቴን መበለት አደረገችብኝ። ከየት እንደመጣች እንኳ የሚያውቅ የለም።»

«ጁሱን ማን አዘዘ?»

«በማዳመጫ ‹ጁስ አስመጣልኝ› አለኝና ነገርኳት። ከወንበሬ አልተነሳሁም፣ ብርጭቆውንም በእጄ አልነካሁም። ይኸውልሽ፣ አዲሷ አስቀምጣለት ከሄደች በኋላ ያቺን ቴምብር ዳቦ ጣለላትና ገደላት፤ በማዳመጫዬ ሲስቅ ሰምቼዋለሁ። ለዐሥር ሰዓት ሃያ ጉዳይ ሲሆን ባናግረው ዝም አለኝ። ሄጄ ሳየው አልቋል።»

«ስክሪኑ ለምን ስምና ፓስዎርድ ይጠይቃል?»

«አንዳንዴ መስመር ሲቆረጥ ጨዋታው ያስወጣል» አለ፤ ለዚህ ግን መሐረቡን አላነሳም።

ጣቢያው ማረፊያ ክፍል ውስጥ አስተናጋጇ ሽርጧን ሳታወልቅ ጥግ ይዛ ተቀምጣለች። መርማሪዋ ካቴናውን አስፈታችላትና አጠገቧ ተቀመጠች።

«ማንም ምንም አልጠየቀኝም» አለች ሴትዮዋ ገና ሳትጠየቅ። «ሁሉም ‹ለምን አደረግሽው› ነው የሚሉኝ።»

«እኔ ያየሽውን ብቻ ነው የምጠይቅሽ። ጁሱን ስታስገቢ ምን ነበር?»

«ምክትሉ ብቅ ብለው ‹ለአራተኛው ማንጎ አምጪለት፣ በቀኙ አስቀምጪና ውጪ፣ አታናግሪው› አሉኝ። ጋሼ ሻለቃ ጀርባቸውን ሰጥተውኛል፣ አንገታቸው ዘንበል ብሏል። ስክሪናቸው ላይ ጠዋት ጠዋት ማሽኖቹን ስከፍት የማየው ገጽ ነበር።»

«ሁለት ሣጥን ያለው?»

«አዎ፣ ስም የሚጠይቀው። ከዚያ ወደ አዳራሹ ስወጣ ሰው ሁሉ ‹ሻለቃ ሊጀምር ነው› እያለ ወደ ግድግዳው ያያል። እኔ ነገሩን አልለመድኩትም፤ እንዲህ ነው የሚሠራው ብዬ አለፍኩ።»

መርማሪዋ ይህን ጻፈችው። «ሌላስ? ዛሬ ከወትሮው የተለየ ምን አየሽ?»

ሴትዮዋ አሰበች። «ምክትሉ ስኒ አጠቡ። በዘጠኝ ቀኔ ዕቃ ሲያነሱ እንኳ አይቻቸው አላውቅም። ስምንት ተኩል አልፎ የሻዩን ስኒዎች ራሳቸው ወስደው አጠቡ፣ ፔርሙሱንም። ‹እኔ አለሁ አይደል› ስላቸው ‹ዞር በይ› አሉኝ።»

ቴምብር ያን ዕለት ማምሻውን ደወለች፤ መርማሪዋም ቤቷ ድረስ ሄደች። ከገበያው ጀርባ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ በምትገኝ ጠባብ ቤት የምትኖር የስድሳ ስምንት ዓመት ሴት ናት። ሠላሳ አንድ ዓመት ፖስታ ቤት የአደራ ደብዳቤ መዝጋቢ ነበረች። መርማሪዋን አስቀመጠቻትና በመስመር የተከፋፈለ ደብተር አወጣች።

«የሞትኩበትን ሁሉ መዝግቤዋለሁ፣ ልጄ» አለች። «የለመደብኝ ነገር ነው፤ ሳልመዘግብ ሥራ የሠራሁ አይመስለኝም።»

«እንዲህ እየገደሉዎት ለምን ተመለሱ?»

«የልጅ ልጄ ውጭ ነው ያለችው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ አላየኋትም። ስልክ ላይ ታፍራለች፣ አታወራኝም። ጨዋታው ላይ ግን ‹አያቴ፣ ድልድዩ ጋ ነይና ቤቴን ላሳይሽ› አለችኝ። ድልድዩ ጋ ለመድረስ በዚያ በር ማለፍ ግድ ነው።» ደብተሩን በጣቷ ተከተለች። «መጀመሪያ ዳቦ ጣለልኝ፤ ርቦኛል፣ አነሳሁ። ሁለተኛም ዳቦ። ሲገባኝ ዳቦ ማንሳት ተውኩ። ከዚያ ፋኖስ ጣለ፣ ጫማ ጣለ፣ ውሃ ጣለ፣ ገመድ ጣለ፣ አንድም አላለፈኝ። ሰባተኛው ላይ ደብዳቤ ጣለልኝ። እኔ ደብዳቤ መሬት ወድቆ አይቼ ልለፍ? አነሳሁት፣ ገደለኝ።»

መርማሪዋ ሳታስበው ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ አፏን በእጇ ሸፈነች።

«ስምንት ሰዓት ከሃያ ላይ ስመለስ አልመታኝም» አለች አሮጊቷ። «‹አንቺ አይሰለችሽም እንዴ? ምን ፈልገሽ ነው?› ብሎ ጻፈልኝ። የልጅ ልጄን ነገር ነገርኩት። ዝም አለ፣ ዝም አለ፣ ከዚያ ‹አላወቅኩም ነበር፤ እኔ ራሴ ድልድዩ ድረስ እወስድሽና ዘጠኝ ተኩል ላይ ትደርሽላታለሽ› አለኝ። መንገድ ጀመርን። ስምንት ሰዓት ከአርባ፣ ይኸው፣ ‹ዓይኔን እንቅልፍ እንቅልፍ እያለው ነው፤ እዚሁ አጠገቤ ቁጭ በይ፣ ከእኔ ጋር ሆነሽ ማንም አይነካሽም› ብሎ ቆመ። እኔም ተቀመጥኩ። ሠላሳ አምስት ደቂቃ ጠበቅኩት።»

«ከዚያስ?»

«ዘጠኝ ከሩብ ላይ ተነሳ። አንድ ቃል አልጻፈልኝም። ዳቦ ጣለ። የመንገድ ስንቅ የሰጠኝ መስሎኝ አነሳሁት።» ደብተሩን ዘጋችው። «ሰባቱን ይቅር ብዬው ነበር። ይኸኛውን ግን አልችልም። ልጅቷ ድልድዩ ላይ ስትጠብቀኝ ቀረች። እንዲህ ያለ ሰው ምን ዓይነት አንጀት ነው ያለው?»

መርማሪዋ ደብተሩን በአደራ ተቀበለች። የአደራ ወረቀትም አሮጊቷ ራሷ ጽፋ አስፈረመቻት።

በማግስቱ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሁሉም በኋላ ክፍል ተሰበሰቡ። ባለቤቱ፣ ፋርማሲስቱና ምክትሉ ወንበራቸው ላይ ናቸው። የሟቹ ሚስት ጥቁር ነጠላዋን ተከናንባ በር አጠገብ ተቀምጣለች። አስተናጋጇ ከሳጅኑ ጎን ቆማለች። ዳኛው ሊሰየም አንድ ሰዓት ቀርቶታል።

«ሁላችሁም አንድ ነገር ነግራችሁኛል» ብላ ጀመረች መርማሪዋ። «ሻለቃ ዘጠኝ ከሩብ ላይ በሕይወት ነበረ፤ ከዚያ በፊት የነካው ነገር ቢኖር አዲሷ ያመጣችው ጁስ ነው፤ ስለዚህ ገዳይዋ አዲሷ ናት። ጥሩ ቅንብር ነው። የተበላሸው ከጁሱ ነው። ብርጭቆው ግማሽ የጎደለው ተጠጥቶ አይደለም፣ ቅርጫቱ ውስጥ ተደፍቶ ነው። መድኃኒቱም አልሟሟም፤ መጨረሻ ላይ የተበተነ ነው።»

«ራሷ ደፍታው ይሆናላ» አለ ምክትሉ።

«ልትገድልበት ያመጣችውን ራሷ የምትደፋው ለምንድን ነው? የጠጣ ያስመሰለው ሌላ ሰው ነው። እንግዲያው መድኃኒቱን ሻለቃ የወሰደው በምን ነበር? ስምንት ሰዓት ላይ የጠጣው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ሻይ፤ ፔርሙሱ የሦስቱም ነበር፣ መድኃኒቱ የገባው ግን እሱ ስኒ ውስጥ ብቻ ነው። የቀዳውም፣ ዕቃ የማያነሳ ሆኖ ሳለ ያን ቀን ስኒ ያጠበውም አንድ ሰው ነው።»

ፋርማሲስቱ ወንበሩን ከምክትሉ ወንበር ትንሽ አራቀ።

«ሻይ ከሆነ እስከ ዘጠኝ እንኳ አይቆይም ነበር» አለ ባለቤቱ። «እኛ ግን ሲዋጋ አይተነዋል።»

«ያያችሁት ካራክተሩን ነው። ይህች ሴት ዘጠኝ ከዐሥር ላይ ስትገባ የሻለቃ ስክሪን ስምና ፓስዎርድ ይጠይቅ ነበር። ከአምስት ደቂቃ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ካራክተሩ ሰው ይገድላል። አንድ አካውንት ከሌላ ማሽን ሲገባበት የመጀመሪያው ማሽን ምን ይሆናል?»

«ይወጣል» አለ ባለቤቱ ቀስ ብሎ። «ወደ ስም መጠየቂያው።»

«አንተ ይህን ታውቃለህ፣ እሷ አታውቅም። ግን አንተ አላየህም፣ እሷ አይታለች። ፓስዎርዱን ከሻለቃ ሌላ የሚያውቀው ደግሞ በደንባችሁ ምክትሉ ብቻ ነው።»

«ከአሮጊት ተረት የማይሻል ነገር!» አለ ምክትሉ። «እንዴት እንደሚጫወት አላውቅም? የተጫወተው ራሱ ነው። ዳቦ መጣሉ፣ አመታቱ፣ ሁሉም የሱ ነው።»

«ችግሩ እሱ ነው» አለች መርማሪዋ፤ የአሮጊቷን ደብተር ገልጣ የስምንት ከሃያውን፣ የስምንት ከአርባውንና የዘጠኝ ከሩቡን አንድ በአንድ አነበበችላቸው። «ሻለቃ ከዚህች ሴት ጋር ታርቆ ነበር። ድልድዩ ድረስ ሊያደርሳት ቃል ገብቶ፣ እንቅልፍ ሲጥለው አጠገቤ ሁኚ ብሏታል። አንተ ይህን አላወቅህም። በእሱ ስም ስትገባ አጠገቡ አዲስ ገቢ ተቀምጣ አገኘህ፤ ሻለቃ ምንጊዜም የሚያደርገውን አደረግህ። በስምንት ዓመት አንድ ቀን ሰው ሆኖ ቢውል፣ የመሰልከው የድሮውን ነው። በእሷም ላይ ያደረግኸው ያንኑ ነው» ብላ ወደ አስተናጋጇ ጠቆመች። «አዲስ ሰው ይፈለጋል፣ እጁ ላይ ዕቃ ይደረጋል፣ ከዚያ ሌባ ነው ይባላል። ልዩነቱ ይህች የምትሞተው እውነተኛ ሞት መሆኑ ነው።»

«ማስረጃ የለሽም።»

መርማሪዋ ወደ ባለቤቱ ዞረች። «ቤቱ የትኛው ወንበር ላይ ማን እንደገባ አይመዘግብም?»

ባለቤቱ አንገቱን ደፋ። «ይመዘግባል። የጠየቀኝ የለም።» ኮምፒውተሩን ከፈተ፣ መስመሮቹን በጣቱ እየተከተለ ወደ ታች ወረደ። «የሻለቃ አካውንት... ዘጠኝ ሰዓት ከአምስት... ሦስተኛ ወንበር።»

ሦስተኛው ወንበር ላይ ምክትሉ ተቀምጦበታል። ሳጅኑ ሄዶ ከኋላው ቆመ። ከዚያ ሚስትየዋ፣ እህቱ፣ ድምጿን ሳታነሳ «ሻዩን ያፈላሁት እኔ ነኝ» አለች። «ፔርሙሱን በእጄ ነው የሰጠሁህ።»

«ስምንት ዓመት ምክትል ሆኜ ጠበቅሁ!» አለ ምክትሉ። ያን ጊዜ እንባው እውነተኛ ነበር። «ስምንት ዓመት! እንቅልፍ ሲወስደው የማነቃለት እኔ፣ ከተማውን የገነባሁለት እኔ። ወንበሩን አንስቶ ትናንት ለመጣ ፋርማሲስት ሊሰጥ!»

«ለወንበር ነው?» አለች እህቱ። «የትኛው ወንበር?»

ሳጅኑ ካቴናውን ሲያጠልቅለት ምክትሉ ወደ ባለቤቱ ዞረ። «አካውንቶቹን እንዳትነካቸው። እስክመለስ በየቀኑ እየገባህ አድስልኝ፤ ወር ከሞላ ይሰረዛል።» የባለቤቱ ራስ ሳያስበው በእሺታ ተነቀነቀ። መርማሪዋ ይህን ስታይ መስኮቱን ከፈተችና አንገቷን አወጣች።

ባለቤቱ አስተናጋጇን በር ላይ ደረሰባት። «ሥራሽ ላይ መመለስ ትችያለሽ እኮ፣ አንቺ... ስምሽ ማን ነበር?»

ሴትዮዋ ሽርጧን አውልቃ በጥንቃቄ አጠፈችና እጁ ላይ አስቀመጠችለት። ስሟን አልነገረችውም። ለመርማሪዋ ግን ቀድማ ነግራታለች፣ በፋይሉም ላይ ተጽፏል።

ከቀትር በኋላ መርማሪዋ ደብተሩን ይዛ ሦስተኛ ፎቅ ወጣች። አሮጊቷ የአደራ ወረቀቱን አመሳክራ ተቀበለቻት። መርማሪዋ ቁጭ ብላ ሁሉንም ነገረቻት፤ ስለ ሻዩ፣ ስለ ሦስተኛው ወንበር፣ ስምንተኛውን ጊዜ የገደላት ሻለቃ እንዳልነበረ።

«ሰባቱን ግን እሱ ነው» አለች መርማሪዋ። ሟቹን ለማስወደድ አልመጣችም፤ ጠረኑ ገና ከአፍንጫዋ አልወጣም።

«ሰባቱን እሱ ነው» አለች አሮጊቷ። መነጽሯን አድርጋ ደብተሩን ገለጠች፣ የመጨረሻውን መስመር በእስክሪብቶ ሰረዘችና የስምንት ሰዓት ከአርባውን ረጅም ጊዜ ተመለከተች።

«እኔ አጠገቡ ተቀምጬ እስኪነቃ ነበር የምጠብቀው» አለች። «የሚስቱ ወንድም ከሳንቃው ማዶ እስኪሞት ሲጠብቅ።»